የአንድ ማሳ ጉዳይ ያልሆነች የእሳት እራት

ቱታ አብሶሉታ ወደ ኢትዮጵያ ከገባች ከ10 ዓመት በላይ ሆኗታል። የቲማቲም አምራቹ በየጊዜው አዲስ መድኃኒት ይገዛል፣ ይረጫል፤ እርሷም በየጊዜው ትመለሳለች። ለምን? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ፣ በአለም ጤናና በመቂ አድርጎ ወደ ባቱ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን የቲማቲም ማሳ እያየ ይሄዳል። አንዱ ማሳ ላይ ችግኝ ይተከላል፤ ጎረቤቱ አበባ ይዟል፤ ትንሽ አለፍ ሲባል የቀን ሠራተኞች የቀላውን ፍሬ እየለቀሙ በእንጨት ሳጥን ይሞላሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ምርቱ ተለቅሞ ያለቀ፣ ተክሉ ከነድጋፍ እንጨቱ እንደቆመ የተተወ ማሳ ነው። ውሃው ከሐይቅ፣ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ በፓምፕ ስለሚሳብ ሁሉም የሚተክልበት፣ ሁሉም የሚያነሳበት አንድ ወር የለም። ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጠው ይህ አረንጓዴ ለአዲስ አበባ አትክልት ተራ ትልቅ በረከት ነው። ሰባት ሚሊ ሜትር ለማትሞላ አንዲት የእሳት እራትም የማይጎድል ማዕድ ሆኗል።

እርሷ የገባችበት ማሳ ከሩቅ ሲታይ እሳት የገረፈው ይመስላል። ብዙ ገበሬዎችም «ተቃጠለ» ነው የሚሉት፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዋግ በሽታ ነው፣ ውሃ ጥም ነው ያለው ጥቂት አልነበረም። ቅጠሉን ቀጥፎ ወደ ፀሐይ ያነሳ ሰው ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ወዲያው ያያል። የቅጠሉ የላይኛውና የታችኛው ቆዳ እንዳለ ነው። በመካከላቸው የነበረው አረንጓዴ ሥጋ ግን ተበልቶ አልቋል፤ የቀረው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ነው። በሽፋኑ ውስጥ አረንጓዴ መሳይ፣ አንዳንዴም ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ከራሱ በስተኋላ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ያጠለቀ ትል ይንቀሳቀሳል። ኩሱን በአንድ ጥግ አከማችቷል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ፍሬው ላይ ደግሞ ከአንገቱ ሥር፣ አረንጓዴዎቹ ትናንሽ ቅጠሎች በሚሸፍኑት ቦታ፣ በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለ። ሳጥን የሚሞላው ሠራተኛ ላያየው ይችላል። የሚያየው ሽንኩርት አቁላልታ ቲማቲሙን የምትከፍተው የቤት እመቤት ናት።

አንድ የቅጠል ሰርሳሪ ዝንብም አለች። የእርሷ ትል በቅጠሉ ላይ የሚተወው ጠመዝማዛ ነጭ መስመር ስለሆነ ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ቱታ የምትተወው ሰፊ ቦታ የያዘ ባዶ ሽፋን ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተምታተው የማይመለከታቸው መድኃኒት ይገዛላቸዋል።

ይህች የእሳት እራት ስትነሳ መልሱ ሁልጊዜ ወደ መድኃኒት ሱቅ ይወስዳል። የትኛው ይሻላል? ስንት ጊዜ ይረጭ? ከምን ጋር ይደባለቅ? እነዚህ ጥያቄዎች አስፈላጊ ናቸው፤ ዋናውን ጥያቄ ግን ይጋርዳሉ። ቱታ አብሶሉታ የምትኖረው በአንድ ሰው ማሳ ውስጥ ሳይሆን በአካባቢ ውስጥ ነው። አካባቢው በጋራ እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ብቻውን የሚረጭ ገበሬ ገንዘቡንና ጤናውን ይከፍላል እንጂ አያሸንፋትም። ይህን የምለው ከራሷ ከነፍሳቷ አኗኗር ተነስቼ ነው።

ከአንዲስ ተራሮች እስከ ስምጥ ሸለቆ

የመጀመሪያው ሳይንሳዊ መግለጫዋ የተጻፈው በ1917 ነው። ጸሐፊው ኤድዋርድ ሜይሪክ የተባለ እንግሊዛዊ መምህርና የጥቃቅን የእሳት እራቶች ተመራማሪ ሲሆን፣ ናሙናው የመጣው ከፔሩ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለችው ከዋንካዮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይንሳዊ ስሟ ደጋግሞ ተለውጧል። «ቱታ» የሚለው በ1994 የጸና ሲሆን፣ በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ የድንች የእሳት እራት ካለችበት ወገን መልሶ መድቧታል። ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸውና ምደባው አያስገርምም። በገበሬውና በባለሙያው አፍ ግን ቱታ ቱታ ሆና ቀርታለች።

ለብዙ አሥርት ዓመታት የደቡብ አሜሪካ ጣጣ ብቻ ነበረች። በ1960ዎቹ ወደ አርጀንቲና፣ በ1980 አካባቢ ወደ ብራዚል ተሻገረች። የውቅያኖሱ ግድግዳ የተሰበረው በ2006 መጨረሻ፣ በምሥራቅ ስፔን በካስቴዮን አካባቢ በተገኘች ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ለማመን የሚያዳግት ፍጥነት ነበረው። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ሞሮኮን፣ አልጄሪያን፣ ቱኒዚያን፣ ጣሊያንንና ፈረንሳይን አዳረሰች። በ2010 ሱዳን ደረሰች፤ በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘች። በ2014 ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ሕንድን፣ በ2016 ደቡብ አፍሪካን፣ በ2017 ቻይናን ያዘች።

የጉዞዋ መንገድ ከፍጥነቷ የበለጠ ያስተምራል። ክንፏ ትንሽ ነው፤ ነፋስ ቢረዳትም አህጉር አያሻግራትም። ያሻገራት የሰው ንግድ ነው። በፍሬው ውስጥ የተደበቀ ትል፣ በሳጥኑ ስንጥቅ የተጣበቀ ሙሽሬ (ትሉ ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ)፣ በችግኝ ቅጠል ሥር የተጣለ እንቁላል ከገበያ ገበያ ይጓዛል። በአገራችን ውስጥ ያለው ስርጭትም ከዚህ አይለይም። የቲማቲም ሳጥን ከመቂ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሌላ ከተማ፣ ከዚያም ባዶውን ወደ ሌላ ማሳ ይመለሳል። ከግል ችግኝ አፍይ የተገዛ ችግኝ በአንድ ሌሊት ከወረዳ ወረዳ ይሻገራል። ሳጥን የሚያጥብ፣ ችግኝ የሚመረምር አንድም ቦታ በመንገዱ ላይ የለም ማለት ይቻላል።

ናይጄሪያ በ2016 የደረሰባት ቸልታ ወዴት እንደሚያደርስ ያሳያል። የካዱና ክልል መንግሥት በግንቦት ወር በቲማቲም ዘርፍ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ ሕዝቡ ነፍሳቷን «የቲማቲም ኢቦላ» አላት። በካኖ አቅራቢያ የተተከለው የዳንጎቴ የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ የሚፈጨው ቲማቲም አጥቶ ሥራ አቆመ። አንድ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሲያጣ ዜና ይሆናል። አንድ ገበሬ በኮንትራት የያዘውን ግማሽ ሄክታር አጥቶ ዕዳ ውስጥ ሲገባ ግን ማንም አይሰማም፤ በስምጥ ሸለቆ በብዛት የሆነው ይህ ሁለተኛው ነው።

«ክንፏ አህጉር አያሻግራትም፤ ያሻገራት የሰው ንግድ ነው።»

ሌሊት የምትሠራ፣ ቀን የምትሰወር

ጉልምሷ የእሳት እራት ብርማ ግራጫ ናት፤ የፊት ክንፎቿ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። ቀን በቅጠሎች መካከል ተጣብቃ ትውላለች፤ ተክሉ ሲነቀነቅ ብን ብላ ትነሳና መልሳ ትሰወራለች። ሲመሽ ትወጣለች። እንቁላሎቿን አንድ በአንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቅጠል በታች፣ አንዳንዴም ለጋ ግንድና ያልበሰለ ፍሬ አንገት ላይ ትጥላለች። አንዷ እንስት በሕይወት ዘመኗ እስከ 260 እንቁላል መጣል ትችላለች። እንቁላሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ክሬም ወይም ቢጫ ነው። በማጉያ መነጽር ካልሆነ በቀር ማየት አስቸጋሪ ነው።

በአራት ወይም በአምስት ቀን ትሉ ይፈለፈላል። ቅጠሉን በስቶ ለመግባት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቆዳውን እየለወጠ በአራት የዕድገት ደረጃዎች እያለፈ ለሁለት ሳምንት ያህል በውስጥ ይበላል፤ ከአንድ ቅጠል ወደ ሌላ ለመዛወር አልፎ አልፎ ይወጣል። ሲጠግብ አብዛኛውን ጊዜ በሐር ክር ወርዶ አፈር ውስጥ፣ ካልሆነም እዚያው በደረቀው ቅጠል ላይ ሙሽሬ ይሆናል። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ አዲስ የእሳት እራት ትወጣለች።

ፍጥነቱ በሙቀት ይወሰናል። በ14 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከእንቁላል እስከ ጉልምስ 76 ቀን ያህል ይፈጃል፤ በ27 ዲግሪ ደግሞ 24 ቀን ይበቃል። በቆላማ የመስኖ አካባቢ በዓመት ከ10 እስከ 12 ትውልድ ይፈራረቃል ማለት ነው። ምግብ እስካላት ድረስ ደግሞ አታርፍም። ሌሎች ብዙ ነፍሳት ክፉውን ወቅት ተኝተው ያሳልፉታል፤ ቱታ ግን የሚበላ ቅጠል ካገኘች ትውልድ በትውልድ ላይ እየደረበች ትቀጥላለች። በሌላ በኩል ዝናብ ይጎዳታል፤ ኃይለኛ ዝናብ እንቁላሉንና ትንንሹን ትል ጠርጎ ይጥላል። ጉዳቱ በበጋ የሚበረታው ለዚህ ነው። ዘንድሮ በክረምት ጠፋች ብሎ የተዘናጋ በጥር ወር ያገኛታል።

ምግቧ በዋናነት ቲማቲም ይሁን እንጂ የቲማቲም ዘመዶችን በሙሉ ታውቃለች። የድንች ቅጠል፣ ደበርጃን፣ በመስኖ ቦይ ዳር የሚበቅለው ጥቁር አውጥ፣ በየጥሻው ያለው አስተናግር መጠለያዎቿ ናቸው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ፤ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው የሚነሳው ከዚህ ነውና።

ርጭቱ የማይደርስበት ቦታ

አሁን ነገሩን ከመርጫው ጋር እናገናኘው። በጀርባው 16 ወይም 20 ሊትር ተሸክሞ በማለዳ ማሳ የገባ ሠራተኛ የሚያገኘው ምንድን ነው? እንቁላሉ ከቅጠል በታች ነው፤ ርጭቱ ከላይ ይወርዳል። ትሉ በሁለት ቆዳ መካከል ነው፤ ሲነካ የሚገድል መድኃኒት ከውጭ ይቀራል። ሙሽሬው አፈር ውስጥ ነው። ጉልምሷ ቅጠል ለቅጠል ተደብቃለች፤ ብትሞት እንኳ ማታ ከጎረቤት ማሳ ሌላ ትመጣለች። በየትኛውም ቀን ቢረጭ ከነፍሳቷ የዕድሜ ደረጃዎች አብዛኞቹ ከለላ ውስጥ ናቸው። ገበሬው የገደለው መስሎት ይመለሳል፤ ከሳምንት በኋላ አዲስ ነጭ ሽፋን ያያል። ከዚያ መድኃኒቱ አስመስሎ የተሠራ ነው ይላል፣ ወይም መጠኑን እጥፍ ያደርጋል፣ ወይም ሁለትና ሦስቱን በአንድ ባልዲ ይበጠብጣል። በገበያው ጥራት የጎደለው መድኃኒት የለም ለማለት አይደለም። እውነተኛው መድኃኒትም ቢሆን ከዚህ አኗኗር ጋር ሲገጥም አቅሙ ውስን መሆኑን ለማሳየት ነው።

በእርግጥ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ። ዳያማይድ የሚባለው ቤተሰብ ሲመጣ ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራል። መድኃኒት ሻጮችም ሆኑ የተማሩ አምራቾች የሚያነሱት የመጀመሪያው ተቃውሞ ይኸው ነው፦ ትክክለኛው መድኃኒት ከተገኘ ችግሩ ያበቃል ይላሉ። የነፍሳቷ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። በደቡብ አሜሪካ ኦርጋኖፎስፌትን፣ ፓይሬትሮይድን፣ አባሜክቲንን፣ ቆይቶም ስፒኖሳድን ተላምዳለች። ዳያማይድን መላመዷ ደግሞ በ2015 ከጣሊያን ተዘግቧል፤ መድኃኒቱ በአውሮፓ ገበያ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። በብራዚል በአንድ የምርት ወቅት ከ10 እስከ 12 ይደርስ የነበረው ርጭት ከ30 በላይ የሆነበት ጊዜ እንደነበር ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በወር አንድ ትውልድ የምትቀይር ነፍሳት በየትውልዷ በአንድ ዓይነት መድኃኒት ስትመታ የሚተርፉት የተላመዱት ብቻ ናቸው፤ ቀጣዩን ትውልድ የሚወልዱትም እነርሱ ናቸው። አዲስ መድኃኒት ጊዜ ይገዛልናል። የተገዛውን ጊዜ ምን እንሠራበታለን የሚለውን ጥያቄ ግን አይመልስም።

ዋጋውም በብር ብቻ አይለካም። ጓንት፣ ጭንብልና ቦት ጫማ ሳይኖራቸው የሚረጩት ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የማሳው ባለቤት ያልሆኑ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ፓምፑ ውሃ በሚስብበት ዳር መርጫው ይታጠባል፤ ያ ውሃ የዝዋይ ሐይቅ፣ የመቂ ወንዝ፣ የከብትና የሰው መጠጥ ነው። መድኃኒቱ ከተረጨ በኋላ ፍሬው ሳይለቀም መቆየት ያለበት የቀን ብዛት በዕቃው ላይ ተጽፏል። የደላላው መኪና ነገ ጠዋት የሚመጣ ከሆነ ግን ያንን ጽሑፍ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ሸማቹም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ነቁጥ የሌለበት ፍሬ ብቻ እየመረጠ ሲገዛ ከበዛ ርጭት የወጣውን ፍሬ እየመረጠ ሊሆን ይችላል።

«በየትኛውም ቀን ቢረጭ ከነፍሳቷ የዕድሜ ደረጃዎች አብዛኞቹ ከለላ ውስጥ ናቸው።»

ወጥመዱስ?

በአንዳንድ ማሳዎች ቀይ ወይም ነጭ ሳህን በውሃ ተሞልቶ፣ ከበላዩ ትንሽ የጎማ ቁራጭ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጎማው የእንስቷን የመጥሪያ ሽታ አስመስሎ የተሠራ ፌሮሞን ይዟል። ዋናው የሽታው ንጥረ ነገር በ1990ዎቹ ታውቋል። ወንዶቹ ሽታውን ተከትለው መጥተው ውሃው ውስጥ ይወድቃሉ። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ በተለይ ነፍሳቷ መቼ እንደገባችና መቼ እንደበዛች ለማወቅ ተወዳዳሪ የለውም። ሳህኑ ውስጥ ያሉትን በየሳምንቱ የሚቆጥር ገበሬ በጭፍን አይረጭም።

ወጥመድ ብቻውን ማሳ ያድናል የሚለው ተስፋ ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ የሚይዘው ወንዶችን ነው፤ አንድ የተረፈ ወንድ ብዙ እንስቶችን ያገኛል። ሁለተኛ፣ በ2012 የወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት እንዳሳየው አንዳንድ የቱታ እንስቶች ከወንድ ሳይገናኙ የሚፈለፈል እንቁላል መጣል ይችላሉ። በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ገበሬ ብቻ የሰቀለው ፌሮሞን የጎረቤትን ወንዶች ወደ ራሱ ማሳ ይጠራል። ሁሉም ቢሰቅል ግን የአካባቢው ቁጥር በሙሉ ይወርዳል። መድኃኒትም ሆነ ወጥመድ አቅሙ የሚለካው ጎረቤት በሚያደርገው ነገር ነው።

የዘመዷ ታሪክ

የእሳት እራትን በጋራ ስምምነት መቆጣጠር ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ማስረጃው የሚገኘው ከቱታ የቅርብ ቤተሰብ ነው። የጥጥ ሮዝ ትል የምትባለው የእሳት እራት ከቱታ ጋር በአንድ ቤተሰብ ትመደባለች። እርሷም ትሏ የሚኖረው በውስጥ፣ በጥጡ ፍሬ ውስጥ ተዘግቶ ነው፤ እርሷንም መድኃኒት አይደርስባትም። እንደ ዚምባብዌ ያሉ አገሮች ያገኙት መልስ በሕግ የተደነገገ የዝግ ወቅት ነበር፦ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የጥጥ አገዳ በሙሉ ተነቅሎ ይወገዳል፤ አዲስ ጥጥ ከተወሰነ ቀን በፊት አይዘራም። በመካከል ባለው ጊዜ ነፍሳቷ የምትበላው ታጣለች። አሜሪካ ውስጥም የካሊፎርኒያ ጥጥ አምራቾች አገዳቸውን በቀነ ገደብ ያርሱ ነበር። ኋላ ላይ በዚያ ላይ ፌሮሞን፣ መካን የተደረጉ የእሳት እራቶችና ትሉን የሚቋቋም ጥጥ ተጨምረው፣ የአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ነፍሳቷ ከጥጥ አብቃይ ግዛቶች መጥፋቷን በ2018 አስታወቀ። ድሉ የዝግ ወቅቱ ብቻ አይደለም፤ ያለ አካባቢያዊ ቅንጅት ግን የተቀሩት መሣሪያዎች አይሠሩም ነበር።

በቲማቲምም ላይ ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ የዶሚኒካን ሪፐብሊክን ቲማቲም በነጭ ዝንብ የሚተላለፍ ቫይረስ ሲያወድመው መንግሥት ለሦስት ወር ቲማቲምና የዝንቧ ሌሎች ምግቦች እንዳይተከሉ ከለከለ፤ ምርቱም አገገመ። በእስራኤል የአራባ በረሃ ገበሬዎችም በበጋው ሙቀት ወራት ሁሉም ማሳቸውን ባዶ በማድረግ ይህችኑ ነጭ ዝንብ አዳክመዋል። ነጭ ዝንብ የእሳት እራት አይደለችም፤ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ምግብ ካላገኘች የማትቆይ፣ የማታርፍ፣ ከማሳ ማሳ የምትሻገር መሆኗ ግን ከቱታ ጋር ያመሳስላታል። የዝግ ወቅት የሚመታውም ይህንኑ ባሕርይ ነው።

በኢትዮጵያ የመስኖ አካባቢዎች የጎደለው ይህ ነው። በአንድ የውሃ መስመር ላይ ያሉ አምራቾች በዓመት ውስጥ ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት ቲማቲም ከመትከል ቢታቀቡ፣ የለቀሙትን ማሳ ተክል ወዲያው ነቅለው ቢቀብሩ፣ የቦይ ዳሩን አውጥና አስተናግር ቢያጸዱ፣ ቀጣዩን ዙር ደግሞ በመረብ ውስጥ ካደገ ንጹሕ ችግኝ ቢጀምሩ፣ ነፍሳቷ በሞቃት ወቅት ቢያንስ አንድ፣ ምናልባትም ሁለት ትውልድ ያለ ቲማቲም ታሳልፋለች። ከሁሉም በላይ ከተለቀመ በኋላ ቆሞ የሚተወው ማሳ መቅረት አለበት። የማይረጭ፣ የማይለቀም፣ በትል የተሞላ ያ ማሳ ለአካባቢው ሁሉ የቱታ መፈልፈያ ነው። ባለቤቱ ከእርሱ የሚያገኘው አንዳች ጥቅም የለም፤ ጎረቤቶቹ ግን ለወራት ይከፍሉበታል።

«ለምግቤ ማን ይደርስልኛል?»

የአምራቾች ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ በቁም ነገር መመለስ አለበት። መሬት በኮንትራት የያዘ ሰው ኪራዩ በወር ይቆጠርበታል፣ የፓምፑ ነዳጅ ዱቤ ነው፤ ሁለት ወር አትትከል ሲባል ለምግቤ ማን ይደርስልኛል ይላል። ደግሞም ቲማቲም ከሁሉ የሚወደደው ሌሎች ባልተከሉበት ወር ነው፤ ሁሉም ሲያቆም አንዱ ቢተክል ያ አንዱ ይከብራል።

ለመጀመሪያው መልሱ ዝግ የሚሆነው ቲማቲም እንጂ መሬቱ አለመሆኑ ነው። ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያና የበቆሎ እሸት በዚያው አካባቢ የሚመረቱ፣ ገበያቸው የታወቀ ሰብሎች ናቸው፤ የቱታ ተመራጭ ምግብም አይደሉም። ቲማቲም በቲማቲም ላይ መትከል መሬቱን በሌላም በሽታ ያደክመዋልና መፈራረቁ ለብቻውም ይጠቅማል። ገበያውን በተመለከተ የስምጥ ሸለቆ፣ የፎገራና የራያ ቆቦ አምራቾች ዝግ ወራቸውን በአንድ ጊዜ ማድረግ የለባቸውም። እያንዳንዱ ተፋሰስ የራሱን ወር ቢመርጥ ከተማው ቲማቲም አያጣም፤ ዋጋውም አይሰቀልም።

ሁለተኛው፣ ከስምምነቱ አፈንግጦ የሚተክለው ሰው ጉዳይ፣ ይከብዳል። ስምምነት ያለ አስፈጻሚ አይጸናም። አገሪቱ ግን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። ውሃ በተራ እንጂ በጉልበት እንዳይወሰድ የሚዳኙ የውሃ አባቶች በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትም በአዋጅ እውቅና አግኝተዋል። ውሃ ማን መቼ እንደሚያጠጣ መወሰን የሚችል ማኅበር ቲማቲም መቼ እንደማይጠጣ መወሰን አያቅተውም። በዝግ ወር ለቲማቲም ማሳ ውሃ አለመልቀቅ ከየትኛውም ቅጣት የበለጠ ጉልበት አለው። ከግል ጉድጓድ የሚያጠጣው ከዚህ ያመልጣል፤ ለእርሱ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ደንብ ያስፈልጋል። አንበጣና ተምች ሲመጡ ቀበሌው በሙሉ ይወጣል፣ መንግሥት አውሮፕላን ያስነሳል፤ ጠላቱ የሁሉም እንደሆነ ማንም አይከራከርም። ቱታ ትንሽና የማትታይ በመሆኗ ብቻ የየግለሰቡ ዕዳ ተደርጋ ተትታለች።

የባለሙያዎቹ ተቃውሞ ደግሞ ሌላ ነው። ቲማቲም ቢጠፋ እንኳ በየጥሻው ያለው አውጥና አስተናግር፣ በየጓሮው ያለው ድንች ያቆያታል፤ ታዲያ ዝግ ወቅቱ ምን ይፈይዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ፈጽሞ አትጠፋም። ዓላማው ግን ማጥፋት አይደለም። በጥሻ ውስጥ ተበታትነው ያሉ ጥቂት የዱር ተክሎች የሚያቆዩት ቁጥር፣ ሄክታር በሄክታር ላይ የተነጠፈ ቲማቲም ከሚያሳድገው ጋር አይወዳደርም። አዲሱ ዙር በጥቂት እናቶች ሲጀምርና በሚሊዮን ሲጀምር ያለው ልዩነት ገበሬው በሁለት ርጭት ማሳ ማውጣቱንና በአሥራ አምስት ርጭት ማጣቱን ይወስናል።

ሳንረዳቸው የሚረዱን

ስፔን ነፍሳቷ በገባችባት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ሁሉም ሰው ረጨች። ዛሬ የአልሜሪያ የፕላስቲክ ቤት አምራቾች በአብዛኛው የሚታመኑት ኔሲዲዮኮሪስ በምትባል ትንሽ አረንጓዴ ትኋን መሰል ነፍሳት ነው። የቱታን እንቁላልና ትንሹን ትል መጥጣ ትበላለች። ችግኙ ገና ጣቢያ ውስጥ እያለ ትለቀቅበትና ከተክሉ ጋር ወደ ማሳ ትሄዳለች። በናይሮቢ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ደግሞ የቱታን ትል ፈልጋ በውስጡ የምትወልድ ጥቃቅን ተርብ ከፔሩ፣ ከነፍሳቷ የትውልድ አገር፣ አምጥቶ በኬንያ ለቋል። የተርቧ ልጆች ትሉን ከውስጥ በልተው ይወጣሉ። መርጫው የማይደርስበትን የቅጠል ውስጥ እርሷ ትደርስበታለች።

እነዚህ ረዳቶች ግን ያገኙትን ሁሉ በሚገድል መድኃኒት በየሳምንቱ በሚረጭ አካባቢ አይኖሩም። አንድ ገበሬ ብቻውን ርጭት ቢቀንስም ተርቧ ድንበር አታውቅምና ጎረቤት ማሳ ሄዳ ትሞታለች። በባክቴሪያ የሚሠራው ቢቲና ከኒም ዛፍ የሚዘጋጀው መድኃኒት ለእነርሱ የሚሻሉ ናቸው፤ በተለይ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ከተረጩ ይሠራሉ። ተመራማሪዎችም ማሳ ላይ ሆነው ከገበሬው ጋር ሊፈትኗቸው ይገባል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት መልካሾላን፣ መልካሰልሳንና ሌሎችንም የቲማቲም ዝርያዎች አውጥቶ ለገበሬው አድርሷል። ዝርያ ለማውጣት የዋለው ያህል ትጋት አንድ ተፋሰስ በሙሉ ዝግ ወር ጠብቆ ምን እንደሚያተርፍ በተግባር ለማሳየት ቢውል፣ ውጤቱ ከብዙ ሥልጠናና ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

ስለዚህ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የመስኖ ማኅበራት ለቀጣዩ በጋ ከመትከያው በፊት አንድ ስብሰባ ይጥሩ። በስብሰባው ላይ የትኛው መድኃኒት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆይ። በየትኛው ወር ሁላችንም ቲማቲም አንተክልም፣ የተለቀመ ማሳ በስንት ቀን ውስጥ ይነቀላል፣ ቃሉን የጣሰስ ምን ይደረጋል የሚሉት ሦስቱ ተወስነው፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍረው፣ በማኅበሩ ማኅተም ይጽኑ።